ከድምፃዊው ጀርባ

ጅሬን ላይ ለተሰበሰበ ሕዝብ የቀረበ ንግግር



ጅሬን የሚወጣ ተናጋሪ ስለ ዳግማዊ አባ ጅፋርና ስለ ቤተ መንግሥታቸው ቢናገር ያምርበታል። እኔ ግን ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት ከኮረብታው ሥር፣ ከጅማ ከተማ፣ በአንድ ምሽት ያየሁትንና የሰማሁትን ነው። ነገሩ ስለ ሙዚቃ ነው፤ ስለ ልግስናም ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ «አጃቢ» ብለን ስለምንጠራቸው ሰዎች ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ወላጆቻቸውን ላጡ ልጆች የትምህርት ወጪ ገንዘብ ለማሰባሰብ በተዘጋጀ ምሽት ላይ ተገኝቼ ነበር። እንዲህ ያለውን ዝግጅት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በር ላይ ቶምቦላ ይሸጣል። መድረኩ ፊት በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ሣጥን ይቀመጣል። ጥግ ላይ በጨረታ የሚሸጡ የጅማ በርጩማዎች ተደርድረዋል። ቡናው ይፈላል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ፖስተር የድምፃዊውን ፎቶግራፍ በትልቁ ይዟል፤ የስፖንሰሮቹ ዓርማ ከሥር ተሰልፏል፤ በመካከላቸው በቀጭን ፊደል «በአንጋፋ ባንድ ታጅቦ» የሚል ጽሑፍ አለ። የባንዱ አባላት ስም የለም። እኔም ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

ሰባት ሰዎች ወጡ። የሁሉም ታናሽ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ይመስለኛል። ባስ ጊታር ተጫዋቹ ቆሞ መጫወት ስለማይችል ለጨረታ ከተደረደሩት በርጩማዎች አንዱን አስመጥቶ ተቀመጠበት። ድምፃዊው ገና አልወጣም። ድራም መቺው በአፉ ሳይሆን በእንጨቱ አራት ቆጠረና ጀመሩ።

የተጫወቱት ፈንክ ነበር። ስለዚህ ሙዚቃ ትንሽ ላብራራ፤ የኋላውን ነገሬን ለመረዳት ያግዛችኋል።

ፈንክ የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ በጄምስ ብራውንና በባንዱ እጅ ቅርጽ ያዘ። ከዚያ በፊት በነበረው የሶል ሙዚቃ፣ አራት ምት ብትቆጥሩ፣ ጭብጨባው የሚያርፈው ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ነው። ጄምስ ብራውን ክብደቱን ወደ መጀመሪያዋ ምት አመጣው። «አንድ» ሲባል ሁሉም መሣሪያ አብሮ ይወርዳል፤ ከዚያ ሁሉም ይበተንና እያንዳንዱ ሌላው በተወው ክፍተት ውስጥ ይገባል። ጊታሩ አንዲት ጭረት፣ ሳክስፎኑ አንዲት ጩኸት፣ ባሱ ሦስት ኖታና አንድ ዝምታ። ለየብቻ ብትሰሟቸው ያላለቀ ነገር ይመስላሉ። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን እግራችሁ ሳያስፈቅዳችሁ ይነሣል።

እናቶቼ ይህን ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ። ሁለት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ በርበሬ ሲወቅጡ አይታችኋል። የአንዷ ዘነዘና ሲነሣ የሌላዋ ይወርዳል። ማንም አይቆጥርላቸውም፤ ወሬያቸውንም አያቋርጡም። አንዷ ብትቸኩል ግን ዘነዘናው ከዘነዘና ይጋጫል፣ በርበሬውም ይፈሳል። ፈንክ ማለት ሰባት ዘነዘና በአንድ ሙቀጫ ማለት ነው። ያን ምሽት የሰማሁት ይህንን ነበር፤ በላዩ ላይ ደግሞ ሳክስፎኑ በትዝታ ቅኝት ይዘፍናል።

ሁለተኛው ዜማ መሐል መብራት ጠፋ። ባሱ፣ ኪቦርዱና ጊታሮቹ በአንድ ጊዜ ድምፃቸው ተዋጠ። ድራሙና ሁለቱ የትንፋሽ መሣሪያዎች ግን ኤሌክትሪክ አይፈልጉምና ቀጠሉ፤ ሕዝቡም በጭብጨባ ያዘላቸው። አንድ ሰው የእጅ ስልኩን መብራት ወደ መድረኩ ቢያበራ፣ ባስ ተጫዋቹ በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ ጣቶቹ በዝምተኛው ክር ላይ ሲሄዱ አየሁ። ለማንም የማይሰማ ሙዚቃ፣ ምቱን ሳይስት ይጫወታል። ጄነሬተሩ ሲነሣና ድምፁ ሲመለስ ባሱ «አንድ» ላይ ነበር። ፍለጋ የለም፣ ማስተካከል የለም። አዳራሹ በአንድ ጊዜ ጮኸ። ባሱ እስኪጠፋ ድረስ መኖሩን ያላስተዋልን ብዙዎች ነበርን።

ከዚያ ድምፃዊው ወጣ፤ ጥሩ ድምፃዊ ነው። እንደ ባህላችን ሽልማት ተጀመረ። የቡና ነጋዴዎች ከየጠረጴዛቸው እየተነሡ ብር በግንባሩ ላይ ይለጥፋሉ፤ እሱም እጅ እየነሣ ወደ ሣጥኑ ይከታል። የሰጪው ስምና መጠኑ በማይክሮፎን ይነገራል። በዚህ መሐል ሻርፓቸውን ያጣፉ አንዲት እናት ተነሡ። ድምፃዊውን አልፈው፣ ገመዱን በጥንቃቄ ተራምደው፣ ወደ ኋላ ሄዱና ድራም መቺው ግንባር ላይ ብር ለጠፉ። ሰውየው ሁለት እጁም ሁለት እግሩም ተይዟል። ላቡ ብሩን አጥብቆ ያዘው። ዜማው እስኪያልቅ ብሩ ግንባሩ ላይ እንዳለ መታ። ሲጨርስ በእርጋታ ላጠው፣ ከመቀመጫው ተነሥቶ ወደ ፊት መጣና ሣጥኑ ውስጥ ከተተው። እኚያ እናት የሙዚቃ ሰው ይሁኑ አይሁኑ አልጠየቅኳቸውም። ያደረጉት ግን እኔ ዛሬ በአንድ ሰዓት ንግግር ልለው የምሞክረውን ነው።

ዝግጅቱ ሲያበቃ ምስጋና ተነበበ። ስፖንሰሮቹ ተመሰገኑ፤ አዳራሹን የሰጡት፣ ምግቡን ያበሰሉት፣ ድምፃዊው፣ የመድረኩ አስተዋዋቂም ሳይቀሩ ተመሰገኑ። ባንዱ አልተጠራም። አዘጋጆቹ ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም፤ ለልጆቹ የሚደክሙ ቅን ሰዎች ናቸው። አልታያቸውም፤ ለእኛም ቢሆን ከድምፃዊው ጀርባ ያለ ሰው አይታየንም።

ሰዉ ሲወጣ ገመድ ወደሚጠቀልለው ባስ ተጫዋች ቀርቤ «ጋሼ፣ ስለዚህ ምሽት መናገር እፈልጋለሁ፤ ስምዎን ልጻፍ?» አልኩት።

«የሁላችንንም የምትጽፍ ከሆነ ጻፍ ልጄ። የእኔን ነጥለህ ከሆነ ግን ይቅር» አለኝ።

ሁለቱ የትንፋሽ ተጫዋቾች በማግሥቱ ሥራ ነበራቸውና ወደ አዲስ አበባ የሚወስዳቸው መኪና ላይ ተሳፍረው ነበር። ፈቃዳቸውን መጠየቅ አልቻልኩም፤ ስለዚህ ዛሬ የማንንም ስም አልጠራም፤ ቃሌን ማክበር አለብኝ። ባስ ተጫዋቹ ግን አንድ ነገር ነግሮኛል። የተጫወቱት በነጻ ነው፤ የመጡበትን መኪና ነዳጅም የሸፈኑት ከኪሳቸው ነው።

አሁን ወደ ኋላ ልውሰዳችሁ። በአገራችን ዘመናዊ የባንድ ሙዚቃ ሥር የሰደደው ራሱ በምጽዋት ነው። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም በሄዱ ጊዜ፣ በአርመን ገዳም የሚኖሩ፣ ወላጆቻቸው በኦቶማን ግዛት በተፈጸመው የዘር ፍጅት ያለቁባቸው ልጆች የነሐስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰሙ። የአርመኑን ፓትርያርክ አስፈቅደው አርባዎቹን ልጆች ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ወደ አዲስ አበባ አመጧቸው። የመንግሥቱ ባንድ እነሱ ሆኑ። ናልባንዲያን ዮፍታሔ ንጉሤ ለጻፉት ግጥም ዜማ ደርሰው የንጉሠ ነገሥቱ መዝሙር ሆነ። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በኋላ ብዙ የኢትዮጵያ ሙዚቀኞችን አስተማሩ። ዛሬ በክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ የሸክላ ቅጂዎች ላይ የምንሰማው የትራምፔትና የሳክስፎን ድምፅ ሥሩ ሲቆፈር እነዚያ ወላጅ አልባ ልጆች ጋ ይደርሳል።

እነዚህን ልጆች ታሪካችን ምን ብሎ እንደሚጠራቸው ታውቃላችሁ? «አርባ ልጆች»። ስማቸው ቁጥር ሆኖ ቀረ። የመምህሩን ስም እናውቃለን፣ የጋባዡን ስም እናውቃለን፤ ትራምፔቱን የነፋውን ልጅ ስም ከመካከላችን የሚጠራ የለም። እኛ የአጃቢን ስም መርሳት የጀመርነው ገና ያኔ ነው።

ከዚያ ወዲያ ዘመኑ ፈጠነ። አስመራ ላይ የነበረው የአሜሪካኖች የቃኘው ጣቢያ ሬዲዮ ሶልና ፈንክን ያሰማ ነበር። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የራሳቸውን የሸክላ አሳታሚ ድርጅት አቋቋሙ። ድምፃዊ ዓለማየሁ እሸቴን «የኢትዮጵያ ጄምስ ብራውን» የሚሉ ነበሩ። ከዚሁ ከጅማ ደግሞ፣ በ1936 ዓ.ም. የተወለዱት ሙላቱ አስታጥቄ ምሕንድስና ሊማሩ ወደ ዌልስ ሄደው ሙዚቃ ጠለፋቸው፤ ለንደን ተማሩ፣ ከዚያ ቦስተን በርክሊ ኮሌጅ ገቡ፤ በኒውዮርክ የእኛን ቅኝት ከጃዝና ከላቲን ምት ጋር አዋሕደው ኢትዮ ጃዝ ያሉትን መንገድ ከፈቱ። ጅማ ላይ ቆሞ ስለ ባንድ ሙዚቃ የሚናገር ሰው ስለ ሩቅ አገር እየተናገረ አይደለም።

በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ነበር። የምሽት ክበብ የገባ ሰው ሌሊቱን እዚያው ያነጋል፤ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ለረጅም ዓመታት አዲስ አበባ ሒልተን የተጫወተው ዋልያስ ባንድ የጎለመሰው በእንዲህ ዓይነት ሌሊቶች ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 «ቼ በለው» የተሰኘ፣ በአብዛኛው በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ አልበም አወጡ፤ ሙላቱም ቪብራፎን ተጫውተውበታል። እዚያ ውስጥ ያለውን «ሙዚቃዊ ስልት» ዛሬ የአውሮፓና የአሜሪካ ባንዶች ደጋግመው ይጫወቱታል። የግጥም ጉዳይ የሳንሱርን በር ማንኳኳት በነበረበት ዘመን፣ ያለ ቃል የተሠራ ሥራ ድንበር ተሻግሮ ኖረ።

የዋልያሶቹን ስም ልጥራላችሁ፤ ሲጠሩ ስለማንሰማቸው ነው። ኃይሉ መርጊያ ኪቦርድ፤ መላከ ገብሬ ባስ፤ ማሕሙድ አማን ጊታር፤ ዮሐንስ ተኮላ ትራምፔት፤ ሞገስ ሀብቴ ሳክስፎን፤ ተማረ ሐረጉ ድራም። እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ ከፊሎቹም እዚያው ቀሩ። ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን አካባቢ ለዓመታት ታክሲ ነዱ። ኪቦርዳቸው የመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ነበር፤ ደንበኛ ሲጠፋ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 ብቻቸውን የቀረጹት አልበም በ2013 በአንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ እንደገና ሲታተም ዓለም ፈለጋቸውና ወደ መድረክ ተመለሱ። መብራት ጠፍቶበት ክሩን ሳይለቅ የቆየውን የእኛን ባስ ተጫዋች ሳይ ያስታወስኩት ይህን ሰው ነው።

ሌላ ምሳሌ ልስጥ። «እረ መላ መላ» ሲባል ሁላችሁም ማሕሙድ አሕመድን ትላላችሁ፤ ልክ ናችሁ፤ ታላቅ ድምፃዊ ናቸው። ከኋላ ያለው አይቤክስ ባንድ ነው። ያ ዘፈን ባሱ ቢወጣለት ምን እንደሚቀረው አስቡት። ባሱን የሚጫወተው ጆቫኒ ሪኮ፣ ጊታሩን የሚጫወተው ሰላም ሥዩም ነበሩ። በኋላ ሮሃ ባንድ የሆኑት እነሱ ናቸው፤ ሮሃ ከ250 በላይ አልበሞች ላይ እንደተጫወተ ይነገራል። በዚያ ዘመን ያደገ ሰው ስንቱን ፍቅርና ስንቱን ሠርግ በእነዚህ ሰዎች እጅ እንዳሳለፈ ማን ቆጥሮት?

ይህ የአጃቢን ስም መርሳት የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። የጄምስ ብራውን ድራም መቺ የነበረው ክላይድ ስተብልፊልድ እ.ኤ.አ. በ1970 በወጣው «ፈንኪ ድራመር» ላይ የመታው አጭር ምት ከሺህ በላይ በሆኑ የሌሎች ዘፈኖች ውስጥ ተቆርጦ ገብቷል ይባላል። ስሙ ግን ከደራሲዎች ተርታ አልተጻፈም፤ ሚሊዮኖች ካተረፉበት ከዚያ ምትም የረባ ነገር አላገኘም። ዘፈኑ የተሰየመው በእሱ ሆኖ ስሙ የለበትም።

ወደ ልግስናው ልመለስ። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ ላይቭ ኤይድ የተባለው ታላቅ ኮንሰርት ለእኛው ረሃብተኞች ተደረገ። በዓለም ዙሪያ ሕዝብ በቴሌቪዥን ተመለከተው፤ ብዙ ሕይወትም ተረፈበት፤ ላደረጉት ሁሉ ምስጋና ይገባል። በሁለቱም መድረክ ላይ ግን አንድም የኢትዮጵያ ባንድ አልቆመም። ሮሃ አዲስ አበባ ነበረ፤ የጠራው አልነበረም። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው የኪነት ቡድን ለተደረገልን እርዳታ ምስጋና ለማድረስ አውሮፓንና አሜሪካን ዞረ። ያን ጉዞ በፊልም ያያችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ከየብሔረሰቡ የተውጣጣው ጭፈራና ዘፈን ዛሬም ሰው ያስለቅሳል። በእኛ ስም ሲለመን መድረኩ ላይ አልነበርንም፤ በራሳችን ስም ስናመሰግን ግን ሙዚቀኞቻችን ተጓዙ። በዚህ እኮራለሁ።

እንግዲህ የእኔ ክርክር ይህ ነው። በዚያ የጅማ ምሽት ከሁሉ የበለጠ የሰጠው ማን ነው? ነጋዴው ከትርፉ ሰጠ፤ እግዚአብሔር ይስጠው፤ አላህ ይቀበለው። ሰባቱ ሰዎች ግን የሰጡት የቅዳሜ ማታቸውን ነው፤ ለባንድ ተጫዋች ደግሞ ቅዳሜ ማታ የሳምንቱ እንጀራ ናት። የነጋዴው ስጦታ በማይክሮፎን ተነገረ። የእነሱ ስጦታ መዝገብ ላይ ዜሮ ብር ተብሎ ሰፈረ፤ እንደውም ጭራሽ አልሰፈረም።

«ለበጎ ነገር ነው፣ በነጻ ቢጫወቱ ምን አለበት?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እኔም በነጻ አይጫወቱ አላልኩም። አዳራሹን በነጻ የሰጠው ሰው የአዳራሹ ዋጋ ተሰልቶ «ይህን ያህል ብር የሚያወጣ አዳራሽ በነጻ ሰጠ» ይባልለታል። የባንዱም ይሰላ። ስንት ብር ያስከፍሉ ነበር? ያ ገንዘብ በስማቸው ይጻፍ፣ በማይክሮፎን ይነበብ። መጓጓዣቸውንና እራታቸውን አዘጋጁ ይሸፍን። ሰው ከኪሱ ነዳጅ ቀድቶ መጥቶ፣ ለሰዎች ሲጫወት አምሽቶ፣ ሳይመሰገን የሚሄድበት በጎ አድራጎት ሌላ ተረጂ እያፈራ ነው። ከአንጋፋ ሙዚቀኞቻችን መካከል እርጅናና ሕመም ሲመጣ ለሕክምናቸው ሌላ የገቢ ማሰባሰቢያ የተዘጋጀላቸው ጥቂት አይደሉም፤ በዚያም ምሽት የሚጫወተው ሌላ ባንድ ነው፣ እሱም በነጻ።

ሕጉስ ምን ይላል? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በ2007 ዓ.ም. ተሻሽሎ ሥራ ላይ ይገኛል። አዋጁ ከድምፃዊው እኩል መሣሪያ ተጫዋቹንም «ከዋኝ» ብሎ ያውቀዋል፤ በክዋኔው ላይ መብት ይሰጠዋል። ሕጉ ከዋኝ ያለውን ሰው እኛ አጃቢ ማለታችንን ብንተው ጥሩ ነው። አጃቢ ሙሽራ ተከትሎ የሚሄድ ነው፤ ሙሽራው ያለ አጃቢ ይዳራል። ያ ድምፃዊ ግን መብራት በጠፋባት በዚያች ደቂቃ ቢዘፍን ኖሮ ማን ይሰማው ነበር?

ከእናንተ መካከል የዕድር ዳኞች፣ የትምህርት ቤት ወላጅ ኮሚቴዎች፣ የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን ልማት ኮሚቴ አባላት፣ የቡና ማኅበራት መሪዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ቡናው ከተለቀመና ከተሸጠ በኋላ ከአጋሮ እስከ ሊሙ ገነት፣ ከሰርቦ እስከ ሰቃ፣ የገቢ ማሰባሰቢያ ዝግጅት ይበዛል። ባንድ ስትጠሩ፣ ፖስተሩን ወደ ማተሚያ ቤት ከመላካችሁ በፊት ለባንዱ መሪ ደውላችሁ የሁሉንም ስም ጠይቁ፤ ባሱን፣ ድራሙን፣ ኪቦርዱን፣ ጊታሩን፣ ትራምፔቱን፣ ሳክስፎኑን። ከድምፃዊው ስም በታች፣ ከስፖንሰሮቹ በላይ ጻፏቸው። ማተሚያ ቤቱ ለሰባት ስም ተጨማሪ አያስከፍልም።